እውነተኛው ሼክስፒር የቱ ነው?

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚህ ወር ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ቴአትር ናቸው። ከሦስት የተለያየ ቦታ ነው የመጡት፤ ጠያቂዎቹም አይተዋወቁም። ግን ሦስቱም ዞረው ዞረው «እውነተኛው የቱ ነው?» ነው የሚሉት። እኔም ከልቤ የምወደው ጉዳይ ስለሆነ ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። በቀደም የልጅ ልጄ ግሎብ ቴአትር ወሰደችኝና ቆመን አየን። ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት፤ ግን ሴቶች የወንድ ገጸ ባሕርይ ይጫወታሉ፣ ልብሱም ግማሹ የድሮ ግማሹ የዛሬ ነው። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ሕንጻው ልክ በሼክስፒር ጊዜ እንደነበረው ነው፤ እውነተኛው ሼክስፒር ይሄ ነው» አለችኝ። እኔ ግን በወጣትነቴ አዲስ አበባ ኦቴሎን በአማርኛ አይቼ አልቅሻለሁ። እስከ ዛሬ እውነት የሚመስለኝ ያ ነው። ማናችን ነን ልክ?
አንዲት አያት፣ ከለንደን

መልስ፦ እናቴ፣ ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ «እውነት» ያላችሁት ነገር ግን አንድ አይደለም። እስቲ ከመነሻው ልጀምር።

በ1599 ሴፕቴምበር ወር ላይ ቶማስ ፕላተር የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ቴምዝን ተሻግሮ የሣር ክዳን ባለው ቤት ውስጥ «ጁሊየስ ቄሳር» ሲጫወት አየ። ስለ ልብሱ የጻፈው ነገር በጣም ይገርመኛል። የእንግሊዝ ጌቶች ሲሞቱ ምርጥ ምርጥ ልብሳቸውን ለአሽከሮቻቸው ይናዘዛሉ ይላል። አሽከር ደግሞ ያንን ለብሶ መታየት ወግ ስላልሆነ በርካሽ ለተዋንያን ይሸጠዋል። እንግዲህ ያስቡት፣ መድረክ ላይ መስፍን ሆኖ የሚጫወተው ሰው የለበሰው የእውነት የመኳንንት ልብስ ነበር ማለት ነው። ሐሩ ሐር ነው። ጥልፉም ጥልፍ። ግን ታሪኩ የሮም ነው፣ ልብሱ የለንደን።

ይሄ ማንንም አላስጨነቀም። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ የእጅ ሥዕል አለ፤ ሮማዊው የጦር መሪ የሮም የሚመስል ልብስ ደርቧል፣ ከኋላው የቆሙት ወታደሮቹ ግን ቁርጥ የዘመኑ እንግሊዛውያን ናቸው። በ«ጁሊየስ ቄሳር» ውስጥ ራሱ ሴረኞቹ ሲመካከሩ ሰዓት ይደውላል። ጥንታዊት ሮም ውስጥ የሚደውል ሰዓት ከየት መጥቶ! ሴት ገጸ ባሕርያትንም የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። እርስዎ ያለቀሱላት የኦቴሎ ሚስት ዴስዴሞናም ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት ተዋናይ ተጫወተች የሚባለው በ1660 ነው፤ ሼክስፒር ከሞተ 44 ዓመት በኋላ።

ቀጥሎ የመጡት ሰዎች ደግሞ ድርሰቱን ራሱን ነኩት። በ1681 ነሆም ቴት የሚባል ጸሐፊ «ኪንግ ሊር»ን አስተካክዬዋለሁ ብሎ መጨረሻውን ገለበጠው። የሊር ልጅ ኮርዴሊያ አትሞትም፤ ታገባለች። ሊርም ይተርፋል። እንግሊዝ ከ150 ዓመት በላይ ያየችው ይህንኑ ነው። ተመልካቹ ተታለልኩ አላለም። ፍትሕ ሲፈጸም ማየት ለእሱ እውነት ነበር። ማክሬዲ የሚባል ተዋናይ የሼክስፒርን ጽሑፍ፣ ከነቀልደኛው ገጸ ባሕርይ፣ ወደ መድረክ የመለሰው በ1838 ነው።

«ልብሱ የታሪኩን ዘመን ይምሰል» የሚለው ነገር እንግዲህ ከሼክስፒር በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዴቪድ ጋሪክ ማክቤዝን የሚጫወተው የራሱን ዘመን የእንግሊዝ መኮንን ኮት ለብሶ ነው። በ1773 ቻርልስ ማክሊን የሚባል ተዋናይ ማክቤዝን የስኮትላንድ ልብስ አለበሰው። ትልቁ ለውጥ ግን በ1823 መጣ። ጄምስ ፕላንሼ የሚባል ወጣት «ኪንግ ጆን» ሲዘጋጅ ልብሱን በሙሉ ከመቃብር ሐውልት፣ ከማኅተምና ከጥንት የብራና ሥዕል እየቀዳ አሠራ። ተዋንያኑ ፈሩ። በተለይ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነውን የራስ ቁር ድስት ነው እያሉ ይጠሩት ነበር። ሕዝቡ ይስቅብናል ብለው እየተነጫነጩ ነው የለበሱት። መጋረጃው ሲገለጥ ንጉሡ ዉስተር ካቴድራል ያለውን የመቃብር ሐውልቱን መስሎ፣ ባላባቶቹም ጥሩር ለብሰውና ያንን «ድስት» ደፍተው ቆመዋል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ይህንን ፕላንሼ ራሱ በማስታወሻው ላይ ጽፎታል። እኔ ባነበብኩት ቁጥር የሚታየኝ ግን የተዋንያኑ ፊት ነው፤ ሳቅ ሲጠብቁ ጭብጨባ ሲሰሙ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልጓም አጣ። ቻርልስ ኪን የሚባል አዘጋጅ በ1856 «ዘ ዊንተርስ ቴል»ን ሲያዘጋጅ ሼክስፒርን ራሱን አረመው። ሼክስፒር ቦሄሚያን የባሕር ዳርቻ አላት ብሎ ጽፏል። ቦሄሚያ የዛሬዋ ቼክ ክፍል ናት፤ ባሕር የላትም። ኪን ቢቲኒያ በምትባል የትንሿ እስያ አገር ተካት። በጂኦግራፊ ልክ ነው፤ ግን ትዕይንት በተቀየረ ቁጥር ያ ሁሉ ቀለም የተቀባ ቤተ መንግሥትና ዓምድ ሲነሳና ሲተከል ጊዜ ይበላል፣ ለዚያ ሲባል ደግሞ ግጥሙ ይቆረጣል። ለግንቡ ሲሉ ቃሉን ሰዉት። እኔን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ዊልያም ፖኤል የሚባለውን አዘጋጅም ያሳዘነው ይሄ ነበር። በ1881 «ሐምሌት»ን ባዶ በሚባል መድረክ ላይ አሳየ። ዕቃ የለም፣ የሚቀያየር ሥዕል የለም፣ ቃሉ ብቻ ይሮጣል። ብዙ ሰው አልወደደለትም። ዛሬ የልጅ ልጅዎ የወሰደችዎት ቤት ግን ዘሩ ከዚያ ነው።

የግሎብን ታሪክ ልንገርዎት። የመጀመሪያው በ1599 ተሠራ። በ1613 አንድ ቴአትር ላይ መድፍ ሲተኮስ ፍንጣሪው የሣር ክዳኑ ላይ አርፎ ተቃጠለ። በዓመቱ እንደገና ቆመ። በ1642 ቴአትር ሲከለከል ተዘጋ፣ ከዚያም ፈረሰ። በ1949 ሳም ዋናሜከር የሚባል አሜሪካዊ ተዋናይ ለንደን መጥቶ ቦታውን ሲፈልግ ያገኘው የቢራ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወሻ ብቻ ነው። ዓመታት ለመነ፣ ገንዘብ ሰበሰበ፣ ተሟገተ። በ1993 ሞተ። ቴአትሩ የተከፈተው በ1997 ነው፤ አላየውም።

ሕንጻው የኦክ እንጨት ነው፣ በእንጨት ችንካር የተያያዘ፣ በኖራ የተለሰነ። ለንደን በ1666 ከተቃጠለች ወዲህ የሣር ክዳን ሲፈቀድ ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም ጣሪያው ላይ ውሃ መርጫ ተገጥሞለት። አንዳንድ ዝግጅቶችም በጥንቱ መንገድ፣ በእጅ በተሰፋ ልብስና በወንዶች ብቻ ተሠርተዋል። በ2002 ማርክ ራይላንስ «ትዌልፍዝ ናይት» ላይ ኦሊቪያን ሆኖ ተጫወተ። በጣም የተወደደ ነው። ግን ልብ ይበሉ፣ በሼክስፒር ጊዜ ሴት የሚሆኑት ልጆች ነበሩ እንጂ አርባ ዓመት ያለፋቸው ወንዶች አልነበሩም። ልክ ለማድረግ በተጠጉ ቁጥር አንድ ነገር ያመልጣል።

ታዲያ የልጅ ልጅዎ ልክ የሆነችው የቱ ላይ ነው? እኔ ብርሃኑ ላይ እላለሁ። በጥንቱ ግሎብ ጨዋታው በቀን ነው፤ ተዋናዩ የተመልካቹን ፊት ያያል። ዛሬም በማታው ዝግጅት ተመልካቹ ላይ መብራት ይበራል። እርስዎ ቆመው ሲያዩ ተዋናዩ ዓይንዎን አይቶ የተናገረ አልመሰለዎትም? ሐምሌት «ፈሪ ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ጨለማን አይደለም የሚጠይቀው። የሚጠይቀው እርስዎን ነው። በ2016 የቤቱ ኃላፊ የነበረችው ኤማ ራይስ ዘመናዊ የመድረክ መብራትና ድምፅ ስታስገባ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ፤ ቦርዱም ተዋናይና ተመልካች እኩል ወደሚታዩበት ወደ ጋራ ብርሃን እንመለሳለን አለ፣ እሷም በ2018 ለቀቀች። ሰው በአምፖል ይጣላል ወይ ይባል ይሆናል። እኔ ግን ጥሉ ይገባኛል፤ ተመልካች ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው የዚያ ቤት እምብርት ነው።

እርስዎ ልክ የሆኑት ደግሞ ቋንቋው ላይ ነው። የሼክስፒር ተመልካች የሰማው የራሱን የዕለት ተዕለት ቋንቋ ነው። የዛሬ እንግሊዛዊ ግን 400 ዓመት ያለፈው ቃል ያንገዳግደዋል። በ2004 ግሎብ «ሮሚዮና ጁልየት»ን በጥንቱ አነጋገር አሳይቶ ነበር፤ የቋንቋ ሊቁ ዴቪድ ክሪስታል ነው አነጋገሩን ያዘጋጀው። መግቢያው ላይ ልጆቹ ከሁለት ጠላቶች አብራክ ወጡ የሚል ስንኝ አለ። ዛሬ አብራክ የሚለውና ሐረግ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለየብቻ ነው የሚነበቡት። በጥንቱ አነጋገር ግን አንድ ዓይነት ይሰማሉ። የዘር ሐረግም፣ አብራክም፣ በአንድ ትንፋሽ! ይህ ቅኔ ለዘመናት ተቀብሮ ነበር።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ ሲመልስ የሰጠን ይህንኑ ነው፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ሳይንገዳገድ በራሱ ቋንቋ የሚሰማው ግጥም። እርስዎ ያን ቀን ያለቀሱት ቃሉ በቀጥታ ስለገባዎት ነው። በዚህ በኩል ኦቴሎን በ1604 ካየው የለንደን ሰው ጋር እርስዎ ይቀራረባሉ። ለልጅ ልጅዎ ይህንን ይንገሩልኝ። እሷም ብርሃኑን ታስረዳዎት።

ጥያቄ፦ የቴአትር ጥበባት ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ስሜቱን ካልኖርከው ውሸት ነው» ይለናል። ጓደኞቼ የለቅሶ ትዕይንት ሲኖር የሞተባቸውን ሰው እያሰቡ ያለቅሳሉ። እኔ አልሆነልኝም። እንባ ካልመጣልኝ ውሸታም ተዋናይ ነኝ ማለት ነው?
ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለህም ወንድሜ። ጥያቄህ ግን በጣም ያረጀ ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ።

ጌሊዩስ የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ ፖሉስ ስለሚባል የግሪክ ተዋናይ ይተርካል። ፖሉስ ኤሌክትራ የምትባል ገጸ ባሕርይ ሆኖ የወንድሟን አመድ የያዘ ማሰሮ አቅፎ ማልቀስ ነበረበት። ልጁ በቅርቡ ሞቶበታል። የልጁን አመድ ከመቃብር አውጥቶ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ያቀፈው የራሱን ልጅ ነው። ያለቀሰውም የእውነት ነው። አንብበህ አሁን ምን ተሰማህ? እኔ ፍርሃት ነው የተሰማኝ። ደግሞስ ለሁለተኛው ቀን ምን ይዞ ይወጣል?

ዲድሮ የሚባለው የፈረንሳይ ፈላስፋ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ጠየቀ። በስሜቱ ብቻ የሚጫወት ተዋናይ ዛሬ እሳት ነው፣ ነገ በረዶ ይሆናል፤ ታላቁ ተዋናይ ውስጡ ቀዝቅዞ የሚያስተውል ነው አለ። ከእሱ በኋላ ደግሞ ነገሩ ወደ ዕቃ ዞረ። በ1887 ፓሪስ ውስጥ አንድሬ አንትዋን የሚባል የጋዝ ኩባንያ ጸሐፊ ትንሽ ቴአትር ከፈተ፤ ለመጀመሪያው ዝግጅት የእናቱን የቤት ዕቃ በጋሪ ጭኖ መጣ። በዓመቱ የሥጋ ቤት ታሪክ ሲያሳይ የእውነት ሥጋ መድረክ ላይ ሰቀለ። ሰው ሥጋውን ከማየት በቀር ምን ያስታውሳል?

ሞስኮም እንደዚያው ነበር። በ1898 የሩሲያዊው አዘጋጅ የስታኒስላቭስኪ ቴአትር የደራሲውን የቼኾቭን ድርሰት ሲያጠና አንድ ተዋናይ ከመድረክ ጀርባ እንቁራሪት ይጮሃል፣ ውሻ ያላዝናል ብሎ በኩራት ለቼኾቭ ነገረው። ቼኾቭ ለምን ብሎ ጠየቀ። እውነታዊ ነው አለው። ቼኾቭ የመለሰለትን የቴአትሩ ተዋናይ የነበረው ሜየርሆልድ ጽፎታል፤ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድ ሠዓሊ ውብ ፊት ሥሏል እንበል። የተሣለውን አፍንጫ ቆርጠህ በምትኩ የእውነት አፍንጫ ብታስገባ አፍንጫው እውነት ነው፣ ሥዕሉ ግን ተበላሸ።

ጓደኞችህ የሚጠቀሙበት የስሜት ትውስታ የሚባለው ዘዴ የስታኒስላቭስኪ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የትወና መምህሩ ሊ ስትራስበርግ አጠናከረው። ስታኒስላቭስኪ ራሱ ግን በኋላ ከእሱ ርቋል። በ1934 አሜሪካዊቷ ተዋናይት ስቴላ አድለር ፓሪስ አግኝታው ሳምንታት አብራው ሠርታ፣ ኒውዮርክ ተመልሳ ለጓደኞቿ ይህንኑ ነገረች። ስትራስበርግ አልተቀበላትም። ስታኒስላቭስኪ በመጨረሻ ዘመኑ የሚለው፣ ምን ይሰማኛል ብለህ አትጀምር፣ ምን እፈልጋለሁ፣ ምን አደርጋለሁ ብለህ ጀምር ነው።

እስቲ ለቅሶ ቤት ሄደህ ተመልከት። አክብረህ፣ ዝም ብለህ። ሀዘንተኛዋ ሁልጊዜ አታለቅስም። እንግዳ ሲገባ ቦታ ታሳያለች። ነጠላዋን ታስተካክላለች። «ምነው ቡና አልደረሰህም?» ትላለች። የሚያስለቅስህ ያ ነው። ለመምህርህም የሚያሳስበው ነገር እንደገባህ ንገረው፤ ውሸት እንዳትሠራ ነው የሚፈልገው። በዚያ ላይ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። መንገዱ ግን አንድ አይደለም። ገና ያልዳነ ሀዘን ያለበት ጓደኛ ካለህ ደግሞ ያንን በየልምምዱ እንዳይቀሰቅስ ምከረው።

ጥያቄ፦ አንድ የድሮ ፊልም ላይ ነጩ እንግሊዛዊ ተዋናይ ላውረንስ ኦሊቪየ ፊቱን በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ጥቁሩን የጦር መሪ ኦቴሎን ሲጫወት አየሁ። በዘመኑ ታላቅ ትወና ተብሎ እንደነበር አነበብኩ። እኔ ማየት አቃተኝ። ሰው ይህን እንዴት እውነት ብሎ ተቀበለው?
አንባቢ፣ ዋሽንግተን አካባቢ

መልስ፦ ማየት ቢያቅትህ አልፈርድብህም፤ እኔም ጨርሼ ለማየት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ኦሊቪየ ያንን በ1964 መድረክ ላይ ሲጫወት ሰዓታት ይቀባ ነበር፤ ድምፁን ለማወፈር ተለማምዷል፣ አረማመዱን ቀይሯል። ለእሱና ለብዙ ተመልካቹ ትወና ማለት ራስን ፈጽሞ መለወጥ ነበር። ያንን ልፋት ነው ታላቅ ያሉት። የማን ፊት እንደተወሰደ ግን አልጠየቁም። መጠየቅ የሚችሉ ሰዎችም ጠፍተው አይደለም።

አይራ ኦልድሪጅ በ1807 ኒውዮርክ የተወለደ ጥቁር ተዋናይ ነው። በአገሩ መድረክ ስለማይሰጠው ወጣት ሆኖ እንግሊዝ ገባ። በ1833 ታዋቂው ኤድመንድ ኪን ኦቴሎን እየተጫወተ መድረክ ላይ ሲወድቅ፣ ኦልድሪጅ ኮቨንት ጋርደን ላይ ያንኑ ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። የለንደን ጋዜጦች ሰደቡት። ማስታወቂያዎቹ ደግሞ ከሴኔጋል ልዑል የተወለደ ነው ይሉ ነበር። ኒውዮርክ የተወለደ ጥቁር አይበቃቸውም፤ «እውነተኛ አፍሪካዊ» ነው የሚፈልጉት። ኦልድሪጅ ግን ሌላም ነገር ሠራ። ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ሊርን፣ ሻይሎክን፣ ማክቤዝን ተጫወተ። ሩሲያ ድረስ ሄዶ ተከበረ። በ1867 ፖላንድ ሎጅ ከተማ ላይ በጉዞ ሳለ አረፈ፤ መቃብሩ እዚያው ነው።

ከዚያ ኦቴሎን የተጫወተው ጥቁር አሜሪካዊ ፖል ሮብሰን መጣ። በ1930 ለንደን፣ በ1943 የኒውዮርክ ቴአትር ሰፈር ብሮድዌይ። ብሮድዌይ ላይ 296 ጊዜ ተጫወተው፤ ለሼክስፒር ድርሰት እዚያ ይህን ያህል የቆየ የለም። እና ከዚህ ሁሉ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው ኦሊቪየ የተቀባው። ስለዚህ «ዘመኑ ነው» የሚለው ምክንያት ለእኔ ሙሉ መልስ አይሆንም።

ታሪኩ ግን ጥቁር ተዋናይ ሲገባ አላለቀም። ጋና የተወለደው ተዋናይ ሂው ኳርሺ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከባድ ጥያቄ አነሳ። ኦቴሎ የተጻፈው በነጭ ደራሲ፣ ጥቁር በተቀባ ነጭ ተዋናይ እንዲጫወት ነው፤ ጥቁር ተዋናይ ሲጫወተው ጥቁር ሰው በቀላሉ የሚታለልና በቁጣ የሚገድል ነው የሚለውን እውነት አያስመስለውም ወይ አለ። ምናልባት ጥቁር ተዋናይ ፈጽሞ መጫወት የሌለበት ይሄን ነው እስከ ማለት ደረሰ። ያው ሰው በ2015 በሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ኦቴሎን ተጫወተ። ኦቴሎን በሐሰት የሚያታልለውን ያጎን የተጫወተው ሉሺያን ምሳማቲ ነበር፤ እሱም ጥቁር። ያ ድርጅት ያጎን ለጥቁር ተዋናይ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። ኦቴሎ ያጎን ለምን አመነው የሚለውን ሳስብ ያ ዝግጅት ነው ትዝ የሚለኝ። ጥቂት ጥቁሮች ባሉበት ጦር ውስጥ አብሮት የኖረ፣ እሱን የሚመስል ሰው ነው። አንተም ሰው አገር ሠርተህ ታውቃለህና ያ እምነት ከየት እንደሚመጣ አይጠፋህም። የተቀዳውን ካገኘኸው ያንን እይ።